የድርሰቱ ሌላ አንባቢ

ሽማግሌው የቋንቋ መምህር ታብሌቱ ላይ ሲያርሙ፣ ከአንዲት ተማሪ ድርሰት «ጀርባዬን ስለሚያመኝ በሆዴ ነው የምተኛው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኙ። ከግርጌው በቀይ «ልጄ፣ የሚገርፍሽ አባትሽ ነው? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» ብለው ጻፉ። ወዲያው ከገጹ ራስ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በራች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉት አጠገባቸው የተቀመጠውን የሒሳብ መምህር።

«ሌላ ሰው እያነበበው ነው ማለት ነው፣ ጋሼ። የታረመው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጣ ወላጅ በስልኩ ያየዋል። ስብሰባው ላይ ሲነገር እርስዎ እንቅልፍዎን ሲለጥጡ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«የማን ስልክ ነው የተመዘገበው?»

«የአባትየው።»

ማጥፊያውን ሊነኩ የሰደዱት ጣት ሌላ ቦታ አረፈ፤ ገጹ ሰፋ፣ ጠበበ፣ ቀዩ ጽሑፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ትናንት ወንበሩን ሳትደገፍ ቀጥ ብላ እንደዋለች ትዝ አላቸው። ዛሬ ደግሞ አልመጣችም፤ ቤት ናት። «በገዛ እጄ ለጅብ ሰጠኋት» አሉ በልባቸው። የሒሳብ መምህሩ ፊታቸውን አይቶ ሳቁን ዋጠ፤ ታብሌቱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ሌላ መስመር ቀስ እያለ መጣ፦ «መምህር፣ እናቷ ነኝ። ስልኩን ረስቶት ወጥቷል። እሱ ሳይመለስ ድረሱልን።»