የተበዳይ ስም

ፀሐይወርቅ የፖሊሱን ጠረጴዛ ለሦስተኛ ጊዜ በመዳፏ ትመታለች። «ተበዳይ የሚለው ላይ ፈረሱ ብለው ይጻፉ አልሁ እኮ!»

ሃምሳ አለቃ አንዳርጋቸው ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ ያነሳል። «እህቴ፣ ፈረስ ቃሉን ይሰጣል? ይፈርማል?»

«ደብሩ ቦታዬን ተቀማሁ ብሎ ሲከስስ ታቦቱ ወጥቶ ነው የሚፈርመው? ባንኩስ ሲከስስ ግንቡ ነው ቃሉን የሚሰጠው? ሰው ይቆምላቸዋል። ይኸው እኔ ቆሜለታለሁ!»

«አቤት አፍ!» ይላል ሃምሳ አለቃው።

ፈረሱ ከጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ጀርባው ተልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ አንድ የኋላ እግሩን አንጠልጥሏል። ጠዋት ዘንዘልማ መንገድ፣ አስፋልቱ መሀል ተገትሮ ያገኘችው እሷ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ሥራዋ ገብታለች፤ እንዳላየ ማለፍ አልሆነላትም። የእንስሳት ክሊኒኩ «ባለቤቱን ወይም የፖሊስ ወረቀት አምጪ» አላት። ፖሊሱ ደግሞ ይኸው ነው። ሲመሽ ጅብ ይበላዋል፤ እስከዚያ ሲኖ ካልጨፈለቀው።

«ባለቤቱ ያውላችሁ!» ትላለች፣ ከባጃጁ አስወርዳ ያመጣችውን ጌትነትን እየጠቆመች።

ጌትነት ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። «እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ምን አጠፋሁ? ጋሪውን ሸጬ ባጃጅ ስይዝ ለቀቅሁት። ሲያረጅ ይለቀቃል፤ ባለጋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነፃ አወጣሁት እኮ!»

«በሦስት እግር ነፃነት!»

«መታው እንዳልል አልመታውም፣» ይላል ሃምሳ አለቃው አገጩን እያሻሸ። «የሱ ከሆነ በገዛ ንብረቱ ማን ይጠይቀዋል? የሱ ካልሆነ ደግሞ ባለቤት የለውም። ባለቤት ከሌለው ተበዳይ የለም።»

«እና ያም ሆነ ይህ ጅብ ይብላው ነው የሚሉኝ? ኤዲያ! ወይ እናንተና መዝገባችሁ!»

«በሉ እኔ ሥራ አለብኝ» ብሎ ጌትነት ይወጣል። እሷ እየተራገመች ትከተለዋለች፤ ጠብ እንዳይነሳ ሃምሳ አለቃውም መዝገቡን እንደያዘ ይከተላል።

ጌትነት ባጃጁን ሲያስነሳ ፈረሱ ጆሮውን ያቆማል። እያነከሰ ይመጣና ከባጃጁ ፊት ይዞራል፤ ጀርባውን ለጌትነት ሰጥቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። ጌትነት ጥሩንባ ይነፋል። ፈረሱ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ይነፋል።

ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል። «እስክጠምደው እየጠበቀ ነው» ይላል፣ ማንንም ሳያይ።

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ይጠርግና መዝገቡን ይገልጣል።

«የተበዳይ ስም?»

ፀሐይወርቅ አፏን ስትከፍት ጌትነት ይቀድማታል።

«ቦራ።»

ቦራ ስሙን ሲሰማ፣ ሂድ የተባለ መስሎት፣ የሌለውን ጋሪ ሊጎትት ወደፊት ይራመዳል።