አንድ በአንድ የሚሰቀሉ ክሮች

ኮልቢ መኪናውን ሊያስነሳ ሲል ሚስቱ ሄዘር መስኮቱን አንኳኳች።

«አያትህ ብሶባቸዋል» አለችው። «ዘመኑ ጠፍቷቸዋል። ራሳቸውን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ አድርገው ነው የሚያወሩት። ሰው ሲያርማቸው ደግሞ ይረበሻሉ። እስከ ገና ካልተረጋጉ አረጋውያን መኖሪያ መግባታቸው አይቀርም። አንተ እሳቸው ጋ ሁን። ያሉህን ሁሉ እሺ በል።»

«እሺ» አለ።

ከጥቅምት ወዲህ ከዚህ ቃል ሌላ ብዙም አይወጣውም ነበር። የሦስት ዓመት ልጃቸውን ጁንን የቀበሩት በጥቅምት ነው።

የአያቱ የቨርና ቤት በቆሎ ማሳ ዳር ነው። ማሳው ታጭዶ በረዶ ለብሷል። አሮጊቷ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሌስተር! የት ስትዞር ቆይተህ ነው? የገና ዛፉ እንኳ አልተተከለም!»

ሌስተር ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል።

«መንገዱ ተበላሽቶ ነው፣ ቨርና» አለ ኮልቢ፤ ጫማውን አወለቀ። አያቱን በስማቸው መጥራት አፉ ላይ ከብዶት ነበር። በማግስቱ ለመደው።

ቤቱ ቨርና ልጃገረድ ሳሉ እንደነበረው መሆን ነበረበት። ለዚህም ወደ ምድር ቤት ላኩት።

«ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ኮክ ከታሸገባቸው ጠርሙሶች ጀርባ፣ ቡናማ የጫማ ካርቶን። አረንጓዴውን እንዳታመጣ፣ እሱ የፋሲካ ነው።»

ካርቶኑ እዚያው ነበር። የመርሳት በሽታ የድሮውን ነገር እንደማይነካ ኮልቢ ሰምቷል፤ አልገረመውም። በውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ የመስታወት ኳሶች፣ ጆሮው የተቀደደ የወረቀት አጋዘንና በመስኮት ላይ የሚቆሙ ባለ አምፖል ሻማዎች አሉ። ዛፉን ሳሎን ውስጥ ተከለ፤ በዱቄት ሙጫ የወረቀት ቀለበት እያጣበቀ ረጅም ሰንሰለት ሠራ። ቨርና የሚመርጡት ቦታ ሁሉ መሰላል ይፈልግ ነበር።

አንዱ ኳስ እጁ ላይ ተሰበረና አውራ ጣቱን ቆረጠው።

«ኮልቢ!» አሉ ቨርና፤ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ቀጥለውም፣ «ምን ያፈዝሃል ሌስተር፣ ጨርቅ አምጣና እሰረው» አሉት።

አእምሯቸው ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ አለ ኮልቢ በልቡ። አዘነላቸው።

ቀጥሎ ዛፉ ላይ የሚንጠለጠሉት ብርማ ክሮች መጡ። እንደ ዛሬው ፕላስቲክ አይደሉም፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ፣ ስስና ከበድ ያሉ ናቸው። በየዓመቱ ተለቅመው ጋዜጣ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮልቢ ጥቂቱን ዘግኖ ቅርንጫፉ ላይ ጣል አደረገ።

«በእፍኝ?» አሉ ቨርና። «ዶሮ ልትመግብ ነው? አንድ በአንድ! እናታችን ብታይህ ራት ከልክላህ ታስተኛህ ነበር።»

«እናታችን እኔን አትከለክልም። አንቺን እንጂ።»

ቨርና ሳቁ። እሱ ቀልድ መናገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

አንድ በአንድ ሰቀለ። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። ማታ በተፈጨ ድንች ላይ በዶሮ መረቅ የበሰለ ፓስታ ተደረገለት፤ ሁለት ሳህን በላ።

ጠዋት ሲነሳ ዛፉ ባዶ ነው። ክሮቹ ጋዜጣው ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል።

«ሌስተር፣ ዛሬስ ዛፉን አንጀምርም?» አሉ ቨርና።

ኮልቢ ጋዜጣውን ከነክሮቹ አነሳ። ሄዘር ያለችው ትዝ አለው።

«እንጀምራለን» አለ።

በሦስተኛው ቀንም ዛፉ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። አልተናደደም። ለምን እንዳልተናደደም አልጠየቀም። ውሃ ሊጠጣ ሲገባ ማቀዝቀዣው ላይ ምንም ያልያዘ ማግኔት አየ። ባለፈው ዓመት የጁን ፎቶ እዚያ ነበር። ደግ ሆነ፣ አለ በልቡ። በዚህ ቤት ጁን የለችም። ሌስተር ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ አልሞተችበትም።

ወደ ዛፉ ተመለሰ። ቨርና ክር ያቀብላሉ፣ እሱ ይሰቅላል።

«ልጅ ነበረችኝ» አለ ድንገት፣ ለዛፉ። ነገ የሚረሳ ሰው ነው አጠገቡ ያለው።

ቨርና ቀጣዩን ክር ሰጡት። «ማን ትባል ነበር?»

«ጁን። ከመተኛቷ በፊት ማቀዝቀዣውን ደህና እደር ትለው ነበር። መጥረጊያውን ደግሞ ትፈራዋለች።»

«እኔም እፈራዋለሁ። ከዚያስ?»

«አተኮሳት። ሄዘር አሁኑኑ እንውሰዳት አለች። እኔ ነኝ እስኪነጋ እንጠብቅ ያልኩት።»

ክር። ሌላ ክር። ቨርና እጃቸው አልቆመም። ክሩ አለቀ፤ እሱ ግን አልጨረሰም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ትንሿ ሣጥን ነገራቸው። ቨርና ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

ከዚያ ፊቱን ታጠበና የደጁን በረዶ ሊዝቅ ወጣ። ጥቂት እንደዛቀ ጓንቱን መርሳቱን አየ። በጓሮ በር ተመለሰ። ቨርና ኩሽና ውስጥ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የግድግዳውን ስልክ ይዘው ቆመዋል።

«አዎ ሄዘር፣ ዛሬ ስለ ጁን በራሱ አፍ ነገረኝ፤ እንግዲህ እኔም መርሳቴን ማቆሜ ነው፣ ነይ ልጄ።»