አሜን ባዩ ማሽን

ልትጠይቀው የመጣችው እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ የጠዋት ምርቃቷን በስልኳ ቀድታ ላከችለት። «አሜን እማዬ፣ አፍሽ ይባረክ» የሚለው መልስ ከምርቃቱ ቀድሞ ለመድረስ ጥቂት ነበር የቀረው። ልጇ ግን ፊት ለፊቷ፣ ስልኩን ሳይነካ ሁለት እጁን ሥራው ላይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደዘረጋ ነበር።

እናቱ እጆቹን አየቻቸው። እሱም አያቸውና አፈረባቸው። ቀጣሪ የሌለው፣ እቤቱ ሆኖ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ነው፤ «የሚደጋገም ነገር ሁሉ የማሽን ሥራ ነው» ሲል ጓደኞቹን ያሰለቸ። አሜን ደግሞ በየቀኑ ይደጋገማል።

«ማነው የሚመልስልኝ?»

«ማሽን ነው፣ እማዬ። እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ተኝተህም ይመልሳል?»

«ምን መተኛት! ብሞትም ይመልሳል» አለ፣ ጉራው አምልጦት።

እናቱ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። «እኔ እኮ ደህና ማደርህን የማውቀው በአሜንህ ነበር።»

ፕሮግራሙን አጠፋው። «እስቲ እንደገና መርቂኝ» አላት።

«መጀመሪያ እጅህን ከዚያ ላይ አንሳ።»

አነሳ። መረቀችው። አሜኑ ዘገየ፤ እሷም ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው።