ከመድረክ ውጪ
ተዋናይት ስንዱ በእናቷ ለቅሶ ቤት ጓሮ ሽንኩርት ትከትፋለች። አብረዋት የሚከትፉት ሴቶች እንባቸው ይወርዳል፤ የእሷ ዓይን ግን ደረቅ ነው። የምትሠራበት ቴአትር ቤት ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ጋር የአጋርነት ውል ሲፈራረም የሚያፈስ ጣራው ታደሰለት፤ በምላሹ የተዋንያኑ እንባ የፋብሪካው ሆነ። እሱ ካልፈቀደ ዓይናቸው አያነባም።

ለፋብሪካው ኃላፊ ደወለች።

«እናቴ ሞታብኝ ነው። ለዛሬ ብቻ እንባዬን ልቀቁልኝ።»

«ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ድንኳኑ ላይ አርማችን ይሰቀላል?»

«በእናቴ ለቅሶ? አይሰቀልም!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ከኋላዋ አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማች፤ «መድረክ ላይማ ለውሸት እናት ስትንሰቀሰቅ አልነበር እንዴ!»

ስንዱ የተከተፈውን ሽንኩርት በእፍኟ ዘግና ዓይኗ ላይ አሸችው። አቃጠላት። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም።