የሻጋታው ጉርሻ

በከተማችን አውቶቡስ የሚሄደው ቢጫው ሻጋታ ወደሄደበት ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ መስመር እንዲያወጣ በተዘረጋለት የከተማው ካርታ ላይ፣ በየሰፈሩ የተቀመጠለትን አጃ ፍለጋ ይሳባል፤ የደረሰበት ሰፈር አውቶቡስ ያገኛል።

ጎረቤቴ እትዬ የሺመቤት ካርታው ላይ ሰፈራችን ሲደርስ ሲያዩት አንጀታቸውን በላው። «እንግዳ ደረቅ አጃ ይበላል?» ብለው በሽሮ አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለውም ደገሙት።

ሻጋታው ለካ ጨው አይወድም። በማግስቱ ከሰፈራችን ሸሸ፤ አውቶቡሱም ተከተለው። ምጥ የያዛትን የእትዬ የሺመቤትን ልጅ በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስን።

«አጃ ብቻ ይስጡት፣ ጨው እንዳይነካው» ብለን የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ ደምሰውን ወደ ሻጋታው ለሽምግልና ላክናቸው። እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ተመለሱ።

«ታርቀናል!»

«አጃውን በላ?»

«ዕርቅ በደረቁ ይሆናል እንዴ? በክትፎ አጎረስኩት። ሁለቴ!»