የግራ ባሎን

ማርያምን! ማርያምን ለማይቀበል ደግሞ ወላሂ! ይሄ ነገር ሶማሌ ተራ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው፤ ጠብ የምትል ውሸት የለበትም።

ሠርኬ ቫልቩን ባንኮው ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ዛኪር፣ ክብደቱን መች ጠየቅኩህ? አየር ይይዛል ወይ ነው ያልኩህ።»

«እትዬ ሠርኬ፣ እስቲ በእጅዎ ይመዝኑት!» ይላል መለዋወጫ ሻጩ ዛኪር። «ከባድ ዕቃ ኦርጅናል ነው። ፎርጅድ እኮ እንደ ፈንዲሻ ነው የሚቀለው።»

ይህን ዘፈን ታውቀዋለች። ባለፈው ወር በመርካቶ ደንብ እያነሳች እየጣለች መዝና፣ ከባዱን መርጣ ገዝታ ነበር። ከባድስ ከባድ ነው፤ ሆዱ ግን የወንፊት ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የሠርኬ የጭነት መኪና ከኋላ የምትቀመጠው በብረት ባሌስትራ ላይ አይደለም፤ በአየር በተነፉ የጎማ ባሎኖች ላይ ነው። ለባሎኑ አየር የሚሰጠውም የሚነሳውም ቫልቩ ነው። የግራው ቫልቭ ሲያፈስ የግራው ባሎን ተኛ፤ መኪናዋም ወደ ግራ አጋደለች።

እንዴት ያለ ማጋደል! ሠርኬ እንደዚያው ስትነዳት ከርማ፣ አሁን በእግሯ ስትሄድም ወደ ግራ ታዘነብላለች። አማኑኤል ሰፈር መኪናዋ ሥር የሚተኛው ውሻ እንኳ ሲጮህ ድምፁ በአፉ ግራ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ የመስታወት ነጋዴው ሀጂ ሙናዊር ብቻ አልሳቁም። «መስታወት ቆሞ ነው የሚጫነው» አሏት ዛሬ ጠዋት። «ከዐስር ሶላት በፊት ካልቀናች ጭነቱን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ። ከዚያ ወዲያም አልጠራሽም።» ሀጂ ከተዋት ደግሞ ያጋደለች መኪና የያዘችን ሾፌር ማን ይጠራል?

«ያሉህን ቫልቮች ሁሉ ስጠኝ» ትላለች ሠርኬ። «የአየር ቱቦውንም ከየዓይነቱ። ማዶ ጎሚስታው ጋ ወስጄ አየር እለቅባቸዋለሁ።»

ዛኪር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያሳያታል፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

«መች ገዛሁና?»

«እሺ፣ መያዣ!»

መታወቂያዋ መኪናው ውስጥ ነው። ጎንበስ ትልና የቀኝ ጫማዋን አውልቃ ባንኮው ላይ ታኖረዋለች። እመኑኝ፣ ቀኟ በጫማው ልክ ዝቅ አለና ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ መንገድ ተሻገረች። ዛኪር በጫማው ስላልተማመነ ከኋላዋ ይከተላል።

መኪናዋ ጎሚስታው በር ላይ ቆማለች። ጎሚስታው ጋሼ ፍቃዱ የጎማ ቀዳዳ የሚፈልጉበትን የውሃ ገንዳ ጎትተው ያመጡላትና ከኮምፕሬሰሩ አየር ይለቃሉ። ሠርኬ ከባዱን ቫልቭ ትነክረዋለች። ገንዳው ይንተከተካል።

«ሽሮው ለስንት ሰው ነው?» ይላሉ ጋሼ ፍቃዱ።

ሁለተኛው ዝም ይላል። ዛኪር ፈገግ ሊል ሲል ሽንብራ የምታህል አረፋ ብቅ ትላለች።

«ይቺማ ትንፋሽ ናት፣ እትዬ! ሰውም ይተነፍሳል።»

«ሰው መስታወት አይጭንም። እሱን አንሳውና ቱቦውን አምጣ።»

ዛኪር የሚያብለጨልጨውን ሰማያዊ ቱቦ ያቀብላታል። በጡጫዋ ዙሪያ ስትጠመጥመው እንደ ተረገጠ ገለባ እጥፍ ይላል። ጥቁሩ ግን፣ መልከ ጥፉው፣ ሳይጨማደድ ይዞርላታል።

«አስቀያሚው ይሁንልኝ። ኧረ መጋዙን ተው! በምላጭ ቁረጠው፣ ቀጥ አድርገህ። ጫፉ ከተንሻፈፈ ማያያዣው ላይ ያፈሳል።»

የቀረው ቫልቭ የክብሪት ቀፎ ያህል ይቀላል፤ ዛኪር ራሱ አፍሮበት ከባንኮ ሥር የወሸቀው ነው። ሠርኬ እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ እንደነከረች ኪሷ ውስጥ ስልክ ይጮሃል። ጋሼ ፍቃዱ አውጥተው ጆሮዋ ላይ ይይዙላታል።

«ቀናች?» ይላሉ ሀጂ ሙናዊር።

«ገና ነው፣ ሀጂ።»

«ሌላው ሾፌር አጠገቤ ቆሟል።»

«ይቁም። እኔ ሳላረጋግጥ አልገጥምም።»

«መጣሁ» ብለው ይዘጋሉ።

ሠርኬ የቫልቩን ክንድ ቀና ታደርገዋለች፤ አየሩ ያልፋል። መሃል ላይ ትመልሰዋለች፤ ዝም። ደግማ ታነሳለች፣ ደግማ ትመልሳለች። ወዛደሮች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ፤ ጋሪ ይገፋል፣ ጥሩምባ ይጮሃል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከውሃው አትነቅልም። ውሃው ፍጹም ዝም ብሏል። ዛኪር እንኳ ትንፋሹን ይዞ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ጋሼ ፍቃዱ እሱንም ገንዳው ውስጥ ሊነክሩት ምንም አልቀራቸው።

«ይሄ ነው» ትላለች፤ መፍቻዋን አንስታ ልትገጥመው መኪናው ሥር ትገባለች።

ወጥታ ሞተሩን ስታስነሳ ሀጂ ሙናዊር እየደረሱ ነው። መኪናዋ እንደ ግመል ቀስ እያለች የኋላ ግራዋን ታነሳለች። ሀጂ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኑ ላይ ይወጣሉ፤ ከኪሳቸው የመስታወት ብይ አውጥተው ወለሉ ላይ ያኖሯታል። ሀጂ መኪና የሚመርጡት እንዲህ ነው፤ ብይ የምትሮጥበት መኪና መስታወታቸውን አይነካም። ሠርኬ ወርዳ የካሶኑን ጠርዝ ይዛ ቆማለች፤ ከክርኗ ውሃ ይንጠባጠባል።

ብይዋ ፍንክች አትልም።

«ጫኑ!» ይላሉ ሀጂ ሙናዊር።

እንግዲህ ምዬ ጀምሬ የለ? ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ «ብይዋ ፍንክች አትልም» ያልኳትን አንዲቷን ብቻ ፈጥሬያታለሁ። መኪናዋ ቀንታለች፤ ግን መርካቶ ውስጥ ደልዳላ መሬት ከየት ይመጣል? ብይዋ ቀስ ብላ መንከባለል ጀምራ ነበር። ሀጂ ሙናዊር የሠርኬን ርጥብ ክንድ አዩና ብይዋን በጫማቸው ጫፍ አስቆሟት።