የፓስታው ውሃ

ትርንጎ ከሥራ እንደገባች ለእራት ፓስታ ጣደች። ከምድጃው በላይ የተገጠመው ትንሽ መሣሪያ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ያዳምጣል። በየቤቱ አለ፤ ጩኸት ወይም ልቅሶ ከሰማ ቤቱን ይመዘግባል። ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከተመዘገበ ልጅ ከወላጆቹ ይወሰዳል። ትርንጎ ባለፈው ወር ከባሏ ጋር ተጨቃጭቃ አንዴ ተመዝግባለች።

ፓስታው በስሎ ስታጠልል ትንሿ ልጇ ሶልያና ልትረዳት ተጠግታ ክርኗን ነካቻት። የፈላው ውሃ የልጅቷ እግር ላይ ፈሰሰ።

ሶልያና አልጮኸችም። የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ወትፋ ዓይኖቿን ጨፈነች። ትርንጎ አነሳቻትና እግሯን ቧንቧ ስር አደረገችው። ጆሮዋ ላይ ተጠግታም፣ «አልቅሺ የኔ እናት፣ ግድ የለም» አለቻት።

«አይሆንም እማዬ፣ ይሰማል» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ውጭ ስንወጣ አለቅሳለሁ።»

ትርንጎ ታቅፋት ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። መንገድ ዳር ታክሲ እየጠበቀች፣ «በይ አሁን አልቅሺ» አለቻት።

ሶልያና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ትርንጎ ትን እንዳለው ሕፃን ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ «አልቅሺ፣ እባክሽ አልቅሺልኝ» ትላት ጀመር።